ለሸክላው ያልነው እንጨት

ሰኞ

ዛሬም ውሃ ሳንቀዳ ተመለስን። እኔና የወንድሜ ሚስት አልማዝ ሰማዩ ሳይገለጥ ነበር ወደ ቦኖው የወጣነው። ጄሪካኖቻችን ከፊት ነበሩ። ሰው እየበዛ ሲመጣ አንዲት ሴት በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ወደ አጥሩ ጥግ አስጠጋቻቸው። ማንም ምን አደረግሽ አላላትም። እኛም አላልናትም። ቁልፍ ያዧ፣ "እናንተ ትንሽ ቆዩ፣ እነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ይላኩ" አለችን። ቆየን። ትንሽ ቆይቶ ቧንቧው አየር ተፋና ውሃው ሄደ።

ልብ ብዬ ሳስበው፣ "አትቅዱ" ያለን ሰው የለም። በሕይወቴ እንዲህ የሚል ቃል ሰምቼ አላውቅም። ተራችን ሳይደርስ ውሃው ያልቃል፣ በቃ። ሸክላ ሠሪና እንጨት ጠራቢ ስለሆንን ከኋላችን የሚጠሩንን ስም ግን እሰማለሁ። እዚህ አልጽፈውም። ቤቴ ውስጥ አላስገባውም።

ከወንዙ ቀዳን። ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም፣ ውሃው ቡና መስሏል። እማዬ "ይጠልላል" ብላ ገንቦው ውስጥ ገለበጠችው።

ከምሳ በኋላ የጤና ሠራተኛዋ ሐያት መጣች። ቤታችን ገብታ የምትቀመጥ እሷ ብቻ ናት። ደጃፍ ላይ ቆመው የሚያነጋግሩን ሌሎቹ ናቸው። በአጎራባች ቀበሌ ተቅማጥና ትውከት ገብቷል አለች። ቡታጅራ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የውሃ ማከሚያው አልቆባታል፣ እስኪመጣ ድረስ አፍልተን እንድንጠጣ ለመነችን። "እናቴ፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ" አለቻት እማዬን።

እማዬ በር ላይ የተከመረውን እንጨት አየች። መስቀል ደርሷል። ጉራጌ ከአዲስ አበባም ከየትም ተሰብስቦ የሚገባበት፣ ክትፎው የሚከተፍበት፣ የክትፎ ማቅረቢያው ሸክላ ጣባ የሚፈለግበት ጊዜ ነው። የዓመት ቀለባችን ከዚህ ሰሞን ነው የሚወጣው። እንጨቱን ተካ ወንድሜ ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣው ሸክላውን ልንተኩስበት ነው።

"እንጨቱ ለውሃው ከሆነ ሸክላው በምን ይተኮስ? ሸክላው ካልተተኮሰስ ምን እንብላ?" አለች እማዬ። የምትቆጣ አልነበረችም። እውነቷን ነው የጠየቀችው።

ሐያትም እንጨቱን አየች። "ቢያንስ ለልጅቷ" አለች በመጨረሻ።

በዚህ ተስማማን። ለተካ ልጅ ለሜሮን በትንሿ ማንቆርቆሪያ እናፈላለን። ለእኛ የጠለለው ይበቃል።

ማክሰኞ

ተኮስን! ከአንዲት ድስት በቀር የተሰነጠቀ የለም። እማዬ እንደ ልጅ ነበር የሆነችው። ከአመዱ ውስጥ ጣባዎቹን በዱላ እያወጣች በጣቷ ታንኳኳቸዋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ለራሷ ትስቃለች። "ስሚው፣ ብርቄ፣ ደወል አይመስልም?" ትለኛለች። ደወል ይመስላል።

ጋሽ ሽብሩ መጥቶ አመሰገናት። ጎረቤታችን ነው። በላይኛው ሰፈር ካሉት ትልልቅ ጎጆዎች የብዙዎቹን ምሰሶ ጠርቦ ያቆመው እሱ ነው። ምሰሶው ቆሞ ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን ገብቶበት አያውቅም። ሲያወራው ይስቃል፣ "ቤቱን ከባለቤቱ በፊት እኔ ነኝ ያየሁት" ይላል።

ከሰዓት ሚስቱ እየሮጠች መጣች። ጋሽ ሽብሩ ከጓሮ መነሳት አቅቶታል። ስንደርስ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ድምፁ የእሱ አይደለም። ተካ ባጃጅ ሊጠራ አስፋልት ወጣ። አንዱ ቆመለትና ከየት እንደሆነ ጠየቀው፣ ሲነግረው "ወንበሬን ያበላሽብኛል" ብሎ ሄደ። ሌላው ጭራሽ አልቆመም። በቃሬዛ ይዘውት ወጡ።

መንገድ ላይ አረፈ። ቃሬዛውን አውርደው ጥላ ፈልገው አስቀመጡትና ተካ ብቻውን ሊነግረን ተመለሰ። ገና ምንም ሳይናገር እማዬ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ረቡዕ

ሀዘንተኛ ትቶ ገበያ መሄድ ነውር ነው። እማዬ ግን "ሂጂ፣ ሽብሩም ቢሆን ሂጂ ይልሽ ነበር" አለችኝ። ጣባና ድስቱን በገለባ አሽጌ እንሴኖ ገበያ ወረድኩ።

አንዲት ደህና የለበሰች ሴት ጣባ አነሳች። በጣቷ አንኳኳችው፣ ወደደችው። የት ነው የምትሠሩት አለችኝ። ሰፈሩን ነገርኳት። ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችውና መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሳላያት ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። በሽታው ከሸክላ ሠሪዎቹ ነው የወጣው ይባላል። በእነሱ ጀበና የጠጣ ታመመ ይባላል። እሳት ውስጥ ቀልቶ የወጣ ሸክላ ምን በሽታ ይይዛል? ይህን ለማን ልበል። አንድ ሽማግሌ አዝነውልኝ ጠጋ አሉና "ልጄ፣ ዘንድሮ ፕላስቲኩ ይሻላል እየተባለ ነው" አሉኝ። በፕላስቲክ ክትፎ ሊበላ ነው! ሊያስቀኝ ነበር።

አንድም ሳልሸጥ ተመለስኩ። ሸክላ ሲመለስ ከብዶ ነው የሚመለሰው።

ስደርስ እማዬ ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ ብላ ተጋድማለች። ሜሮንም ምሳዋን አስመልሳለች። አልማዝ "የፈላውን ነው ያጠጣኋት፣ በእግዜር ስም የፈላውን ነው" ትላለች። ማንም አልጠየቃትም። ልጅ ናት፣ ከገንቦውም ጠጥታ ይሆናል፣ ወንዝ ዳርም ተጫውታ ይሆናል። ምን ይታወቃል።

ፈርቻለሁ።

ሐሙስ

 ከመጻፍ ሌላ ማድረግ የምችለው የለም። የምጽፈው ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጬ ነው።

ሲነጋጋ ሁለቱም እኩል ባሰባቸው። ከእማዬ የሚወጣው የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ ነው። ሜሮን ማልቀስ ትታለች፣ ስታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቃሬዛ ለመያዝ ሰው ቢፈለግ ግማሹ የጋሽ ሽብሩን ሀዘን ተቀምጧል፣ ግማሹ ራሱ ታሟል። ባጃጅ እንደሆነ አይቆምም። ያለን የተካ ጀርባ ነው።

ተካ መሀላቸው ቆመ። አንዴ እናቱን፣ አንዴ ልጁን ያያል። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

እማዬ በእኛው ቋንቋ "ልጅቷን" አለችው።

"አንቺስ?" አላት።

"እኔ ከባድ ነኝ፣ መንገድ ላይ ትጥለኛለህ።" ቀለደች። ከዚያ ቆጣ አለች፣ "ምን ትጠብቃለህ? ሂድ!"

ልጅቷን በጋቢ አዝሎ ሮጠ፣ አልማዝ ተከተለችው። እኔ ከእማዬ ጋር ቀረሁ። ለሸክላው ከተባለው እንጨት የተረፈውን ሁሉ ለኮስኩት። ውሃ አፈላሁ፣ ጨውና ስኳር በጠበጥኩ፣ በማንኪያ ሰጠኋት። ትውጣለች፣ ያስመልሳታል፣ እንደገና እሰጣታለሁ። መሀል ላይ እሳቱን አየችና "ይሄ ሁሉ እንጨት!" አለች። ቆጥባ ኖራ በዚያ ሰዓትም እንጨቱ ነው ያሳዘናት። ሰሞኑን የሠራችው ሸክላ መደቡ ላይ ሳይተኮስ ተደርድሯል፣ እሱንም አንድ በአንድ አየችው። እጆቿን ያዝኩ። ጣቶቿ ልብስ ሲያጥቡ እንደዋሉ ተጨማደዋል።

ተካ ከጤና ጣቢያው ቃሬዛና ተሸካሚ ሰዎች ይዞ ሲመለስ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። እማዬን በሕይወቷ ድንኳኑ አደረስናት። ነርሷ ጉሉኮስ ልትሰካላት ክንዷን አገላበጠች፣ ደም ስር አጣች። ሌላኛውን ክንድ ሞከረች። እግሯን ሞከረች። ነርሷ ወጣት ናት፣ ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ "እማማ ይቅርታ፣ እማማ ይቅርታ" እያለች ትሞክራለች። በመጨረሻ አገኘችው። ይንጠባጠባል አሁን።

ሜሮን ከጎኗ ናት። ለእሷ ጉሉኮሱ ወዲያው ነው የገባላት።

ዓርብ

እማዬ ጠዋት አረፈች።

ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ቅዳሜ

ቀብሩ ትናንት ነበር። ቦቲ ጫማና ጓንት ያጠለቁ ሰዎች መድኃኒት ረጭተው በላስቲክ ከፈኗት። ለበሽታው ሲባል ሰው መሰብሰብ አይቻልም፣ ለሁሉም እንደዚያ ነው አሉን። ቄሱ ራቅ ብለው ፍትሐት አደረሱላት። የእኛ ሰዎች በሚቀበሩበት በታችኛው ጥግ፣ ከጋሽ ሽብሩ አጠገብ አስገባናት። የላይኛው ሰፈር እድር አልመጣም። እድሩ ውስጥ የለንበትም፣ ስለዚህ ቀሩብን ማለት አይቻልም። ዱሮ ተካ ሊመዘገብ ሄዶ "እናያለን" ተብሎ ነበር። እስካሁን እያዩ ነው።

ሬሳዋን አላጠብኩም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ተካና አልማዝ ሀዘን ቤት እንዲቀመጡ እኔ ወደ ሜሮን ተመለስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። አልጋዎቹን ዞር ዞር ብዬ ሳይ የማውቃቸው ፊቶች ናቸው፤ የእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ እዚህ ነው ያለው ማለት ይቻላል። ከላይኛው ሰፈር ጥቂት ሰው ነው። ከእነሱ አንዷ የእትዬ ራህመት ልጅ ሰሚራ ናት፣ አልጋዋ ከሜሮን አልጋ ጋር ይነካካል።

እትዬ ራህመትን ሕፃን ሆኜ ጀምሬ አውቃታለሁ። ከእማዬ ሌላ ሸክላ ሠሪ አታምንም ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም። እማዬ ድስት አድርሳላት ውሃ ስትጠይቃት ግን ደጅ ላይ አስቁማ በመዳፏ ነበር የምታንቆረቁርላት። እማዬም ሁለት እጇን አስተባብራ ትጠጣ ነበር። ኩባያ ሰጥታት አታውቅም።

"አላህ ያጽናሽ፣ ብርቄ" አለችኝ ሳያት። "አሜን" አልኳት። 

ከሰዓት ከጤና ቢሮ የመጡ ሰዎች ድንኳኑን ጎበኙ። ሐያት አብራቸው ነበረች። አንደኛው መነጽሩን አውልቆ ዙሪያውን ካየ በኋላ ተካን፣ ምግብ ሊያደርስልኝ መጥቶ ነበር፣ "እናንተ ሰፈር ለምንድነው እንዲህ የበዛው? እጅ አትታጠቡም እንዴ?" አለው። የመሳደብ አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ተካ "በምን?" አለው።

ሰውዬው ሐያትን አያት። ሐያት ስለ ቦኖው ነገረችው። ስለ ተራው፣ ስለ ጄሪካኖቹ፣ ቤቶቻችን ወንዙ አፋፍ ላይ ስለመሆናቸው፣ ከላይ ያለው መጸዳጃ ሁሉ በዝናብ ወደ እኛ እንደሚወርድ። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው። እትዬ ራህመት ሁሉንም ሰማች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሰዎቹ ስንብት የለ ምን የለ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ራህመት ከበርጩማዋ ተንሸራታ ወደቀች። እንቅልፍ ነው፣ ድካም ነው፣ እህል ሳትቀምስ ነው የሰነበተችው። ነርሷ ደግፋ ወደ ንፋስ አወጣቻት። ሰሚራ "ውሃ፣ እማ፣ ውሃ" እያለች ነው። የተበጠበጠው መድኃኒት አጠገቧ በኩባያ ተቀምጧል፣ የሚያጠጣት ሰው የለም።

አንገቷን ደግፌ አጠጣኋት። ትንሽ ትንሽ፣ እንዳያስመልሳት። ስትጨርስ ቀና ብል እትዬ ራህመት ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። እጄ ኩባያው ላይ ነው፣ ኩባያው የልጇ አፍ ላይ። ተያየን።

 ኩባያውን ተቀበለችኝና እንደገና ሞላችው። እኔም ወደ ሜሮን ዞርኩ፣ እንባዬ መጣ። እናቴን ነው ያስታወሰኝ፣ እጆቿን።

እሁድ

አልማዝ ስትመጣ ፊቷ ሌላ ነበር። ምን ሆንሽ አልኳት። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገረችኝ።

ተካ ሀዘን ላይ እያለ ጠዋት ተነስቶ ሁለት ጄሪካን ይዞ ወደ ቦኖው ወጣ። አልማዝ ልትመልሰው ተከተለችው። ተራ አስያዘ። ያችው የሰኞዋ ሴት በእግሯ ልትገፋ ስትል ጄሪካኑ ላይ ተቀመጠበት።

"ተነስ እንጂ ወንድሜ፣ ሰው እያለ" አለችው።

"እኔም ሰው ነኝ" አላት። ጮክ አላለም አለች አልማዝ።

ጫጫታ ሆነ። አንዱ "በሽታውን ቦኖው ድረስ ልታመጡብን ነው?" አለ። ተካ ተነሳ። አልማዝ ሊመታው ነው ብላ እጁን ያዘች። እሱ ግን "እናቴን ከትናንት ወዲያ ነው የቀበርኩት" ብቻ አለ። "ይህ ቧንቧ እዚህ እያለ የወንዝ ውሃ ጠጥታ ነው የሞተችው።" 

ሐያት የውሃ ማከሚያው መጥቶላት እዚያው ለሰው ስታድል ነበር። መጥታ አጠገቡ ቆመች። "እነሱ ንጹሕ ውሃ ካልጠጡ እናንተም አትተርፉም" አለቻቸው። "የራህመት ልጅ የት ነው ያለችው? ንገሩኛ፣ የት ነው ያለችው?" የእትዬ ራህመት ባል ሰልፉ ውስጥ ነበረ። መሬት መሬት አየ። ቆይቶ ግን ሊቀዳ የደረሰውን የራሱን ጄሪካን ወደ ጎን አደረገና፣ ለተካ ቦታ ለቀቀለት። 

ተካ ቀዳ። ሁለቱንም። ከኋላው የነበሩ ሁለት ሦስት ሴቶች ከእሱ በኋላ አንቀዳም ብለው ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። ሌሎቹ ቆዩ።

አልማዝ ስትጨርስ ሳቀችም አለቀሰችም። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያሰብኩት ግን ይህ ነገር ባለፈው ሰኞ ሆኖ ቢሆን ኖሮ ብዬ ነው። አንድ ሳምንት። እማዬ መደብ ላይ ተቀምጣ ጭቃዋን እያሸች "አይ ተካ፣ ጉድ ነው" ትል ነበር።

ሜሮን ዛሬ ዓይኗን ገልጣ ከእኔ ጋር አወራች። ጉሉኮሱን ነቀሉላት።

ሰኞ

ዛሬ ሂዱ ተባልን። ሰሚራም ተሰናብታለች። የእትዬ ራህመት ባል ባጃጅ ይዞ መጣ። እትዬ ራህመት ልጇን አስገብታ ወደ እኔ ተመለሰች። "እንደ እናትሽ ሸክላ የሚሠራ የለም፣ እውነቴን ነው" አለችኝ። ሌላ ነገርም ልትል ነበር። ባልየው ጠራት። ሄደች። ባጃጁ ውስጥ ቦታ ነበረ፣ አልጠየቀችንም፣ እኛም አልጠበቅንም። ምናልባት ጠብቄ ይሆናል።

ተካ ሜሮንን አዝሎ በእግራችን ወረድን። ቀለለችኝ ይላል መንገዱን ሁሉ፣ ቀለለችኝ።

ቤት ስንገባ ጎረቤቶች ቆጮና ጎመን ልከው ቆዩን፣ የጋሽ ሽብሩ ሚስት ጭምር፣ በዚያ ሀዘኗ። ሜሮን አልጋው ላይ ቁጭ ብላ በላች። ከዚያ ወደ እማዬ መደብ አየች።

"አያቴስ?"

አልማዝ "ሩቅ ሄዳለች" ልትል አፏን ከፈተች። ተካ ቀደማት። "ሞተች፣ የኔ ልጅ" አላት።

ሜሮን አላለቀሰችም። ትንሽ አሰበች። "እኔን ያመመኝ ነው ያመማት?"

"አዎ።"

"እና እኔ ለምን ዳንኩ?"

ተካ ተነስቶ ወደ ውጪ ወጣ። አልማዝ ተከተለችው። እኔና ልጅቷ ቀረን።  ሳህኗን ወደ እኔ ገፋችና ጨምሪልኝ አለችኝ። ጨመርኩላት። ሁሉንም በላች።

ነገ ጠዋት ወደ ቦኖው የመውጣት ተራው የኔ ነው። ተካ አብሬሽ ልውጣ አለኝ፣ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። አሁን ስጽፈው ፍርሃቱ መጣብኝ።